የኔታ በጆሯቸው የጠበሱት ዓሣ

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላሉ አባቶች። እሺ፣ ተቀብለናል። ስለ መብላቱ ይህን ያህል የተጨነቁልን ሰዎች ስለ መጥበሱ ግን አንዲት ቃል እንኳ ሳይተዉልን ነው ያለፉት። ለምን ይመስላችኋል? እኔ እንደምገምተው ከመካከላቸው ጠብሶ የሚያውቅ ስላልነበረ ነው። በተለይ የእኛ የጎጃሞቹ። እስቲ አስቡት፤ ዓባይ እንደ መቀነት ዙሪያችንን ጠምጥሞናል፣ ጣና ከራስጌያችን ተኝቷል፣ ከጮቄ የሚወርደውን ምንጭ ቆጥሮ የጨረሰ የለም። ይህ ሁሉ ውኃ ከብቦን ሳለ ደብረ ማርቆስ ገበያ መሐል ቆማችሁ አንዱን ገበሬ «ዓሣ ይወዳሉ?» ብትሉት እንደተሰደበ ሰው ነው የሚያያችሁ።

ተረቶቻችንስ ቢሆኑ? «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል»፤ «ዓሣ ሲገማ ከጭንቅላቱ ነው»። አንዱ ያስፈራራል፣ ሌላው ይሸታል። የሚያስጎመጅ አንድም የለም። ስለ ቅቤ ብትጠይቁን ግን ጀንበር እስክትጠልቅ እንተርትላችኋለን።

እኔም ከዚሁ ሕዝብ የወጣሁ ነኝ። ሙሉቀን እባላለሁ፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሙቀት ከምድጃ ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ ዘይት፣ ከዘይት ወደ ምግብ እንዴት እንደሚተላለፍ ሰሌዳ ላይ በቀስት እየሳልኩ ስንቱን ተማሪ አሳልፌያለሁ። ከሰሌዳው ወዲያ ግን ከእንቁላል በስተቀር ምንም ጠብሼ አላውቅም። እንቁላሉም ቢሆን በባለቤቴ በማስተዋል አነጋገር «የተጠበሰ ሳይሆን የተቀጣ» ነው።

አሁን ወደ አማቴ ልውሰዳችሁ። መሪጌታ ይትባረክ ይባላሉ፤ ዲማ አካባቢ የድጓ መምህር ናቸው። ተማሪያቸውም፣ ጎረቤታቸውም፣ በግ የሚሸጥላቸውም «የኔታ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ልጃቸውን ለመጠየቅ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ፣ «ለመሆኑ ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ አሉ። ፊዚክስ ያስተምራል ተባሉ። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንደገባው ሊያስረዳቸው ሞከረና፣ «ድንጋይ ሲለቁት ለምን ወደ ታች እንደሚወድቅ ነው የሚያስተምረው» አላቸው። የኔታም፣ «ወደ ላይ ወድቆ ያውቃል?» ብለው ጠየቁ።

የኔታ ለልጃቸው ያሰቡት ዲያቆን ነበር። ልጅቱ «እሱን ነው የምፈልገው» ስላለች ብቻ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ በነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ደግ ቃልም እንዲሁ። ቤታቸው ስሄድ «ደህና ነህ?» ይሉኛል፤ «ደህና» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ደጁን እናያለን። አማች ከአማች ጋር ደጅ ማየት ምን ያህል እንደሚያደክም ያየ ያውቀዋል።

እንግዲህ የኔታን የዓይን ሞራ ያዛቸው። ሁለቱም ዓይን። ሐኪም ቤት ተመዝግበው ተራቸውን ሲጠብቁ ቆዩና፣ እንደ ጉድ ሆኖ ማስተዋል ለሥልጠና ባሕር ዳር በሄደች ሳምንት «ሐሙስ ጠዋት ይምጡ» ተባለ። ማስተዋል አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሥልጠናውን ጥላ ልትመጣ ተነሥታ ነበር፤ የኔታ ራሳቸው በስልክ «ሥራሽን አትተይ፤ አስተማሪው አለ አይደል» አሏት። ይህን ስሰማ ኮራሁ። በኋላ ሳስበው ግን «አለ» ነው ያሉት እንጂ «ይበቃል» አላሉም።

ሐሙስ ጠዋት የኔታ የቀኝ ዓይናቸውን ተሠሩ። በሰላም አለቀ፤ ዓይናቸው በፋሻ ታሽጎ ወጡ። ነርሷ ወደ እኔ ዞራ ትእዛዟን ዘረዘረችው፤ ፋሻው እስከ ነገ ጠዋት አይነካ፤ እንዳያጎነብሱ፤ ጠንካራ ነገር እንዳያኝኩ፤ ጭስ እንዳያገኛቸው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዳያስሉ። «አደራ፣ ሳል እንዳይዛቸው!» አለችኝ ሁለት ጊዜ። ግራ ዓይናቸው ሞራው ገና ስላልተነሣለት ብርሃንን ከጥላ ከመለየት በቀር ምንም አያሳያቸውም። ስለዚህ ያን ቀን የኔታ ጭራሽ አያዩም ማለት ነው። እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳቸው።

ምሳውስ? ማስተዋል ከባሕር ዳር ሆና ከዋዜማው ጀምሮ ስታቅድ ነበር። የማያስኝክ፣ የማይከብድ ነገር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዓሣ። እኔ ሽሮ ብሠራስ ብዬ ነበር። «አባቴ ዓይናቸውን በታመሙበት ቀን ሽሮ? ሽሮማ ጤነኛ ሆነውስ መቼ አጡ!» ብላ ዘጋችብኝ። እሾሁ የወጣለት የቆሮሶ ፊሌቶ፣ አራት ፍሬ፣ ሥጋው እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ በቀለም ባልዲ ውስጥ በበረዶ ተቀብሮ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተላከልኝ። ዕለቱ ሐሙስ መሆኑ ትልቅ እፎይታ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ኖሮ «ዓሣ ጾም ነው ፍስክ ነው» የሚለው ክርክር ይነሣና የኔታ መጽሐፍ እየጠቀሱ፣ እኔ ዝም እያልኩ፣ ዓሣው ባልዲው ውስጥ ያረጅ ነበር።

ማስተዋል በስልክ አጠባበሱን ስትነግረኝ ከሐኪም ቤት ስንመለስ ባልዲውን ተቀብዬ የኔታን ከሚኒባስ መናኸሪያው ጩኸት መሐል እጃቸውን ይዤ እያሻገርኩ ነበር። «እሺ፣ እሺ» እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ነው የሰማሁት። የሰማሁት ግማሽ «ዘይቱን በደንብ አግለው» የሚለው ነው። ያልሰማሁት ግማሽ «እንዳይጨስ» የሚለው ነው። ከዚያ ሥልጠናው ቀጠለና ስልኳ ተዘጋ።

ቤት እንደደረስን እንግዳን ብቻውን መተው ነውር ነው ብዬ ለየኔታ ባለመደገፊያ ወንበር አምጥቼ ማድ ቤቱ በር ላይ አስቀመጥኳቸው። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ስቶቩን አበራሁ፤ ዘይት አደረግሁ፤ እንደታዘዝኩት አጋልኩት። መጋሉን በምን አውቃለሁ? ሲጨስ! ፊዚክስ ነው፤ ጭስ ያለ ሙቀት አይመጣም። አንዷን ፊሌቶ ከበረዶው ውኃ ውስጥ እየተንጠባጠበች አንሥቼ፣ ዘይቱ እንዳይፈነጥቅብኝ ከሩቅ ወረወርኳት።

ምን ልበላችሁ! ማድ ቤቱ ውስጥ መብረቅ ወረደ። ዘይቱ ጣሪያ ነካ፤ ጭሱ እንደ ደመራ ተነሣ፤ እኔ ክዳን ይዤ እንደ ጋሻ እየመከትኩ ወደ ኋላ ሳፈገፍግ ከጀርባዬ «እህ... እህ...» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያስደነገጠኝ ድምፅ የለም። የሳል መግቢያ ነው! ሳል ከመጣ ዓይኑ አለቀ፤ ዓይኑ ካለቀ ትዳሬ አለቀ። መጥበሻውን ትቼ ዘወር ስል የኔታ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ ፊታቸው እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል። ምን አደረግሁ? ከነወንበራቸው አቀፍኳቸው። ከነወንበራቸው! ደግነቱ ቀጭን ናቸው። ግቢው መሐል የኮኩ ዛፍ ሥር ወስጄ በቀስታ አሳረፍኳቸውና ፊታቸው ላይ ዐይኔን ተክዬ ቆምኩ። ሳሉ ደጅ ድረስ መጥቶ «ቤቶች!» ሳይል እንደተመለሰ እንግዳ ቀስ እያለ ሄደ። የኔታ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ።

«ምን ነበር?» አሉ።

«ዓሣ ነው፣ የኔታ።»

«በሕይወቱ ነው እንዴ የጣልከው?»

ሮጬ ወደ ማድ ቤት ተመለስኩ። ዓሣዋ ከመጥበሻው ጋር ተጋብታለች፤ ፍቺ አትፈልግም። በቢላዋ ስፍቃት ታችዋ ከሰል፣ ላይዋ በረዶ። ተመልሼ ምሳው ጥቂት እንደሚዘገይ ስነግራቸው የኔታ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «አስተማሪው ዓሣ አበላሃለሁ ብሎ አምጥቶ አሳስቶኛል» አሉ።

የድጓ መምህር ቅኔ አይጠፋውምና ጆሯችሁን ስጡኝ። ሰሙ ሲሰማ «አስተማሪው አታሎኛል» ነው። ቃሉን ለሁለት ስትከፍሉት ግን «ዓሣ ስቶኛል» ይሆናል፤ ዓሣው ወደ አፌ ሳይደርስ አልፎኝ ሄደ ማለታቸው ነው። ከገባኝ በኋላ ልናደድ ፈለግሁ፤ ሳቁ ቀደመኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አማቴ ለእኔ የተናገሩት የመጀመሪያው ቀልድ ነበር። በእኔ ላይ ቢሆንስ? ቀልድ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ነው አእምሮዬ ሥራ የጀመረው። ውኃ! ውኃው ተኖ እስኪያልቅ እኮ መጥበሻው ያንን ዓሣ መጥበስ አይችልም፤ የሚቀቅለው፣ የሚያጣብቀው፣ የሚያፈነዳው ውኃው ነው። ይህን በየዓመቱ ፈተና ላይ አወጣዋለሁ! አፍሬ ፊሌቶዋን ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስተኝቼ እንደ ታጠበ ሕፃን ግራ ቀኝ አደረቅኋት። ጨው ነሰነስኩ፤ የስንዴ ዱቄት በስሱ አለበስኳት፤ ትርፉን አራገፍኩ። መጥበሻውን ፈትጌ አጥቤ ባዶውን አሞቅሁትና ዘይቱን ኋላ ጨመርኩ። የኔታን ደግሞ ከነወንበራቸው (አሁን በእግራቸው ሄደው፣ ወንበሩ ብቻ በእኔ ትከሻ) ከማድ ቤቱ መስኮት ውጭ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ሌላ በሚወስድበት በኩል አስቀመጥኳቸው። እኔ ውስጥ፣ እሳቸው ውጭ፣ መሐላችን ክፍት መስኮት።

ዓሣዋን ሳገባት «ችስስስ» አለች። ደስ የሚል ድምፅ። ግን ደስታዬ የቆየው እስከ አሥር ስቆጥር ነው። እየተጣበቀች ቢሆንስ? ትንሽ ከፍ አድርጌ ብሳያትስ? መገልበጫውን ሥሯ ላስገባ ስል ከመስኮቱ «ተወው!» የሚል ድምፅ መጣ። የጎረቤት ፍየል ኮኩን ሊበላ ገብቶ እሱን የሚያባርሩ መስሎኝ መገልበጫውን ገፋሁ። ዓሣዋ ሦስት ቦታ ተገነጠለች።

«ነካኸው አይደል?» አሉ የኔታ።

«እንዴት አወቁ?»

«ዝም አለ፤ ከዚያ እንደገና ጮኸ። ንግግሩን ሳይጨርስ አቋረጥከው።»

በመስኮቱ ብቅ ብዬ አየኋቸው። የታሸገ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አድርገው ተቀምጠዋል። ዓሣ ጠብሰው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እኔ? ውኃም አፍልቼ አላውቅ» አሉ። «ድምፅ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማ ነው የኖርኩት። ሠላሳ ተማሪ ባንድነት ሲያዜም የትኛው እንደ ሳተ ጀርባዬን ሰጥቼ እነግርሃለሁ። ያንተ ዓሣ ብቻውን ነው የሚጮኸው፤ ይህ ምን ያቅታል? እርጥብ እንጨት እሳት ላይ ሲያለቅስ ሰምተህ አታውቅም? ልቅሶው ሳያልቅ አይነካም።»

ሁለት ፊሌቶ ቀሩን። እኔ ፊዚክሴን ታጥቄ፣ እሳቸው ጆሯቸውን አቁመው፣ ሦስተኛዋን አደረቅኋት። የኔታ ከውጭ ትእዛዝ ጀመሩ። መጀመሪያ ዘይቱን እናናግረው አሉ። ዱቄት ቆንጥሬ ጣልኩ። «አልመለሰም፤ ቆይ» አሉ። ቆየሁ። ደግሜ ጣልኩ፤ ዱቄቱ ፈጠን ብሎ ቸር ቸር አለ፤ ጭስ ግን የለም። «አሁን መለሰ። ዓሣውን አስተኛው እንጂ አትወርውረው፤ ከአንተ ወዲያ አድርገህ።» ከጫፏ ጀምሬ ወደ ወዲያ እያጋደምኩ አስተኛኋት። አንዲት የዘይት ጠብታ እንኳ አልነካችኝም።

«እጅህ የት ነው?» አሉ።

«መገልበጫው ላይ።»

«ወደ ኋላ አድርገው። ሁለቱንም።»

እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ስንቱን ተማሪ እንዲህ አቁሜያለሁ መሰላችሁ! ሦስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚያውቀው እንዳይነካ የተከለከለ ሰው ብቻ ነው። የኔታ ደግሞ እያንዳንዷን ለውጥ በዜማ ስልት እየሰየሙ እንደ ደብር አለቃ ይከታተላሉ። «አሁን ግዕዝ ላይ ነው፤ ቀጥ ብሎ እየጮኸ ነው» አሉ። ቆየት ብለው፣ «ዕዝል ገባ፤ እየወፈረ ነው፤ ተወው» አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ታዘቡት መሰለኝ፣ «ምሳሌ ነው የምነግርህ፤ ሰው ፊት የኔታ ዓሣውን ድጓ አስቆሙት እንዳትል» ብለው አስጠነቀቁኝ። ምስጢሩን ይኸው ለእናንተ ብቻ ነው የነገርኳችሁ።

እኔም በዓይኔ የማየው ነበረኝ። እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፍ የነበረው የዓሣዋ ጠርዝ ወተት እየመሰለ ነጭነቱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። እስከ ወገቧ ደረሰ። አልፎ ጥቂት ወጣ። ጩኸቱ ደግሞ ቀስ በቀስ እየረገበ፣ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው እንደሚያንጎራጉር ዓይነት ሆነ። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት መቱና፣ «አራራይ! በል አሁን!» አሉ።

መገልበጫውን ሥሯ አስገባሁ። አልታገለችኝም። ስሟ እንደተጠራ ሰው ብድግ አለች። ገለበጥኳት። ወርቅ! የዳቦ ቅርፊት የመሰለ፣ አንድም ቦታ ያልተገነጠለ፣ ከዳር እስከ ዳር ወርቅ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። «የኔታ፣ ተነሣች! ሳትቀደድ ተነሣች!» ብዬ ጮህኩ። የኔታ ከውጭ «እኔማ ሰምቻለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ደስታው ይንቦጫረቃል። «ሁለተኛው ወገን አጭር ነው፤ እንዳትረሳት» አሉ ቀጥለው። እንዴት ያውቃሉ? «የመጀመሪያው ሥራውን አስቀድሞ ሠርቶለታላ!» እውነታቸውን ነው። በግማሹ ጊዜ አወጣኋት፤ በሹካ ጫፍ ስነካት እንደ ነጭ አበባ ተፈለቀቀች። አራተኛዋንም እንደዚያው።

ዓሣዎቹን ሎሚ ጠብ አድርጌባቸው ይዤ ወጣሁ። አሁን ሌላ ጉዳይ መጣ፤ የኔታ አያዩም። ማጉረስ ሊኖርብኝ ነው። አማቴን! ደጅ እያየን የኖርን ሰዎች! ቁራሽ ዓሣ በእንጀራ ጠቅልዬ፣ እሾህ ቀርቶ እንደሆነ ሦስት ጊዜ በጣቴ ዳስሼ፣ «በሞቴ፣ የኔታ» አልኩ። አፋቸውን ከፈቱ። ቀስ ብለው አላመጡ። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ውጤቱ ግድግዳ ላይ እስኪለጠፍ የሚጠብቅ ተማሪ ሆኛለሁ።

«ጨው» አሉ በመጨረሻ።

«ጨው ምን ሆነ?»

«አለው።»

ዋጡ። ከዚያ «ሌላ» አሉ።

ወዳጆቼ፣ በአማርኛ ውስጥ ከ«ሌላ» የበለጠ ምስጋና ካለ ንገሩኝ። ጎረሱ፤ አጎረስኩ። በመሐል አስቆሙኝና «አንተስ?» አሉ። በኋላ እበላለሁ አልኩ። «እኔ እያኘክሁ አንተ ስታይ?» ብለው እንጀራውን ከሰሐኑ ላይ ዳብሰው ቆረሱ፤ ዓሣውን ዳብሰው አገኙ፤ ጠቀለሉ፤ እጃቸውን ዘረጉ። መጀመሪያ አፍንጫዬን አገኙ። ቀጥሎ አገጬን። ሦስተኛው ላይ ጉርሻው ቤቱ ገባ። አፍንጫዬ ላይ ሎሚ፣ አገጬ ላይ ዘይት፣ አፌ ውስጥ ዓሣ፤ ዓይኔ ውስጥ ደግሞ ምን እንደነበረ አልነግራችሁም። ደግነቱ የኔታ አያዩም።

የተገነጠለችውንስ? «አምጣት፤ እሷ ምን አጠፋች» አሉ። በሽንኩርት ጠበስ አደረግኋት፤ ሳል እንዳይቀሰቅስ በርበሬ አላስነካኋትም። እሷም አለቀች። የከሰለችውን ብቻ ድመት ወሰደች፤ ድመቷም ቢሆን ጥቂት አመነታች።

ሰሐኑ ባዶ ከሆነ በኋላ የኔታ ውኃው ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ጠየቁኝ። በዘመኔ ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም! ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ውኃ ተኖ እስኪያልቅ ሙቀቱን ለራሱ እንደሚወስድ፣ ዓሣው ሲደርቅና የዱቄት ልብሱ ሲጠብቅ ራሱ ብረቱን እንደሚለቅ፣ ጩኸቱ የሚወርደውም የሚያልቀው ውኃ ስለሆነ መሆኑን አስረዳኋቸው። እንደ ጥሩ ተማሪ አዳመጡ። በየመሐሉ «እህ» ይላሉ፤ የሳል ሳይሆን የመስማማት «እህ»። ስጨርስ፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅህ የመጀመሪያውን እርጥቡን ለምን ጣልከው?» አሉኝ። ሰሐኑን አንሥቼ ላጥብ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ቤት ሄድንና ፋሻው ተነሣ። የኔታ ዐይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። መስኮቱን አዩ፤ ነርሷን አዩ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፊደል ሳይጠየቁ አነበቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ቀና ዝቅ አድርገው ተመለከቱኝ። ሞራው ስንት ዓመት ጋርዷቸው እንደኖረ ያኔ ነው የገባኝ።

«ሸብተሃል እኮ! መቼ ነው የሸበትከው?» አሉ።

«ትናንት፣ የኔታ።»

ሳቁ። ነርሷ «ቀስ!» እስክትል ድረስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን እንደሆነ ያልገባት ነርስም ሳቀች።

ማስተዋል ለምሳ ሰዓት ደረሰች። ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ ሮጠችና የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ «ልጄ፣ ከስተሻል» ሲሏት፣ መክሳቷን ማየት በመቻላቸው ተደስታ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ማድ ቤት ገባች። ባልዲው ባዶ፣ ጣሪያው ላይ ዘይት፣ መስኮቱ ሥር ወንበር። ቆይታ ብቅ አለችና ዓሣውን ማን እንደ ጠበሰው ጠየቀች። እኔ «የኔታ ናቸው» አልኩ፤ የኔታ «እሱ ነው» አሉ፤ ሁለታችንም ባንድ አፍ። ሐኪሙ ዓይን ሳይሆን ጭንቅላት የነካ መስሏት ተራ በተራ አየችን።

የኔታ እስከ እሑድ አደሩና ሰኞ ወደ ዲማ ተመለሱ። ሲለዩኝ «ደህና ሁን» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። እኔም ሌላ አልጠበቅሁም፤ «ሌላ» የሚለውንማ በልቼዋለሁ።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ አንድ ቅዳሜ የማስተዋል ስልክ ጮኸ። አባቷ ነበሩ። «እሺ አባዬ... እሺ... ሦስት?... እሺ» ስትል ቆይታ ዘጋችና ትዘንልኝ ትሳቅብኝ በማይለይ ዓይን አየችኝ። የኔታ ለእኔ ሳይነግሩኝ የሄዱትን ምስጋና ለካ ከቅዳሴ በኋላ አውደ ምሕረቱ ላይ ላገኙት ሁሉ ሲናገሩት ነው የሰነበቱት። ልጄን ያገባው ሰው ዓሣ ሲጠብስ ጭስ የለው፣ እሾህ የለው፣ መገንጠል የለው ብለው። (ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ዓሣዎች ግን ምንም አላነሡም፤ አማት ማለት እንዲህ ነው።) በዚህም ምክንያት ማክሰኞ ሦስት አባቶች ወደ ደብረ ማርቆስ እየመጡ ነው፤ ማረፊያቸውም እኛ ቤት ነው።

ደስ አለኝ። አንደኛው ምናቸውን ታመው እንደሆነ ጠየቅኋት። ቀኝ ዓይናቸውን፣ ሞራ ነው አለችኝ። ሁለተኛውስ? ግራ ዓይናቸውን።

«ሦስተኛውን ምናቸውን ነው የሚያማቸው?»

«ምንም» አለች ማስተዋል፤ «እሳቸው የሚመጡት ለዓሣው ነው።»